የሳይንስና ጤና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ኮሶ በባዶ ሆድ፣ አልቤንዳዞል ከቅቤ ጋር

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ርእስ አስቀድሞ የታቀደ አልነበረም። በኅዳር ወር 26ቱን አባላት ይዤ አንድ ቄራ በጎበኘንበት ዕለት፣ የሥጋ መርማሪው የአንድ በግ ጉበት ሲሰነጥቁ ነጭ ግድግዳ ያለውና የጠራ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ስለ ሌላ ነገር መጠየቅ አቆሙ። ከረጢቱ ሃይዳቲድ ሲስት የሚባለው ሲሆን፣ የሚያመጣው በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማያልፍ ኢኪኖኮከስ የተባለ ትል ነው። ውሻው ከረጢት ያለበትን ጥሬ የሆድ ዕቃ ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣውን እንቁላል ደግሞ በጉ ከሣር ጋር፣ ሰው ባልታጠበ እጅ ወይም አትክልት ይውጠዋል፤ ከረጢቱም ብዙውን ጊዜ በጉበት፣ አለዚያም በሳንባ፣ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይቆያል። ከግቢው ስንወጣ የተወገደው ጉበት በአጥሩ ላይ ለውሾች ሲወረወር ሁላችንም አየን።

በሚቀጥለው ስብሰባ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «አያቴ ኮሶ ሲይዛቸው ኮሶ ይጠጣሉ፤ ይህንንስ ከረጢት ኮሶ አያጠፋውም?» ብላ ጠየቀች። በቋንቋችን ትሉም፣ ዛፉም፣ መድኃኒቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ጥያቄው የሚጠበቅ ነበር። እኔም ቸኩዬ «የባህል መድኃኒት ወይስ የፋብሪካ?» የሚል ክርክር አዘጋጀሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች አንደበተ ርቱዕ ነበሩ፣ ነገር ግን መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ የት ይደርሳል የሚለውን አንድም ተከራካሪ አላነሣም።

የሁለተኛውን መንፈቅ አብዛኛውን ጊዜ የወሰደብን ይኸው ጥያቄ ነው። የሴቴው የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ ማለዳ በባዶ ሆድ ሲጠጣ፣ ትሉን ካለበት ከአንጀት ውስጥ በቀጥታ ያገኘዋል፤ እንቆቆና መተሬም የሚሠሩት እዚያው ነው። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ጭምር የሸጡት እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። በጉበት ያለውን ከረጢት ለማግኘት ግን መድኃኒቱ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ፣ በደም ተጉዞ፣ የከረጢቱን ወፍራም ግድግዳ ሰርጎ መግባት አለበት። የፋብሪካው የትል መድኃኒት አልቤንዳዞል እንኳ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንዲወሰድ ይታዘዛል፤ ያን ጊዜ የሚገባው መጠን እስከ 5 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ጉበት ወደሚሠራው መልክ ከለወጠው በኋላ ተሐዋሲው ስኳር እንዳይመጥ ያውከዋል። ሕክምናው ወራት የሚወስድና የጉበትና የደም ምርመራ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆኑ ከረጢቶች ብቻውን እምብዛም አይበቃም። «ኮሶ በባዶ ሆድ፣ አልቤንዳዞል ከቅቤ ጋር» ያለው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልዩነቱን ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ በአጭሩ ገልጾታል።

የዕፅዋቱ ወገን ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። የጦስኝ ዘመዶች ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በከረጢቱ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙትን የትል ራሶች እንደሚገድሉ የሚያሳዩ ጥናቶችን አምጥተው «አሸነፍን» አሉ። እኔም በሳህን ላይ 20 በመቶ የጨው ውሃም እንደሚገድላቸው ነገርኳቸው። ሐኪሞች የከረጢቱን ፈሳሽ በመርፌ ሲስቡ ወይም ከረጢቱን በቀዶ ጥገና ሲያወጡ፣ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤና አዳዲስ ከረጢቶች ሊያስከትል ስለሚችል፣ ይህንኑ የጨው ውሃ ወይም አልኮል ይጠቀማሉ። ከረጢቱ ከሐሞት ቱቦ ጋር የተገናኘ ከሆነ ግን እነዚህ ቱቦውን ያቃጥሉታል። በእኔ አስተያየት የዕፅዋቱ ጥናት ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቱቦውን የማይጎዳ ገዳይ ከጦስኝ ዘር ቢገኝ ትልቅ ነገር ይሆናል። በሻይ የተጠጣ ጦስኝ በሳህኑ ላይ በነበረው መጠን ጉበት ይደርሳል ብሎ አልቤንዳዞልን ማቆም ግን ለታማሚው አደገኛ ነው፤ ይህንንም በሚኒ ሚዲያ ሦስት ጊዜ አስተላልፈናል።

ከዚህ ሌላ 12 የኮሶ ችግኞች ተክለን 9ኙ ጸድቀዋል፤ የትኞቹ ሴቴ እንደሆኑ የሚታወቀው ሲያብቡ ስለሆነ ጉዳዩ ለወደፊቶቹ አባላት ተላልፏል። የቤት ውሾች በእንስሳት ሐኪም ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት እንዲሰጣቸው የሚመክር ጽሑፍ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተነቧል። ለጎበኘነው ቄራም የተወገደው የሆድ ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር የሚጠይቅ ደብዳቤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈው በሚያዝያ አስገብተዋል። ይህ መጽሔት ለኅትመት እስከ ገባበት ቀን ድረስ ምላሽ አልደረሰንም።