አረቄን በአንድ ቀን ማስቆም ሊገድል ይችላል

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሱስ የወጣው ጽሑፍ ጠጪው «ቁርጥ አድርጎ» እንዲተው፣ ቤተሰቡም በር ዘግቶ እንዲጠብቀው ይመክራል። ለሲጋራ ይሠራ ይሆናል። ጫትም ቢሆን በአንድ ቀን ሲቆም ድብርት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ሌሊት የሚያስጮኸው ዱካክ ይመጣ እንደሆነ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። መጠጥ ግን ሌላ ነው። ለዓመታት በየቀኑ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ የኖረን ሰው ያለ መድኃኒት በድንገት ማስቆም ሊገድለው ይችላል። ሁዳዴ ሲገባ ብዙ ጠጪ በአንድ ቀን ስለሚያቆም ምክሩ ሳይታረም ባያልፍ ደስ ይለናል።

አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ የሚደነዝዝ አንጎል ደግሞ ይህን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ አንቅቶ መያዝ ይለምዳል። መጠጡ ሲቋረጥ ማደንዘዣው ይሄድና ንቃቱ ብቻውን ይቀራል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ያቅለሸልሻል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል፤ ከዚያ በፊት ወድቆ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይወድቃል። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል የሚመጣው ከሁሉ የከፋው ነው። ሰውየው ቀኑንና ያለበትን ቦታ ይስታል፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነፍሳት ያያል፣ ከብርድ ልብሱ ላይ የማይታይ ነገር በጣቱ ይለቅማል፣ ያተኩሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል።

ይህ ሦስተኛ ቀን ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ጸበል ቦታ ነው። ጩኸቱና መንቀጥቀጡ ርኩስ መንፈስ እየለቀቀው ነው ተብሎ ይጠበቃል፤ ሰውየው ግን በባዶ ሆዱ ነው፣ ሰውነቱም እየዛለ ነው። ከጸበሉ ማንም አይከልክለው። የመጀመሪያውን ሳምንት በሕክምና አሳልፎ ቢሄድ እምነቱ አይጎድልበትም።

ሲያንፈራግጠው ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ውኃ መርጨት፣ በጥርሱ መሐል ማንኪያ መክተት ምንም አይረዳም፤ እንዲያውም ጥርስ ይሰብራል፣ ያንቃል። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉለት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሰዓት ተመልከቱ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

አሁን ወደ ሕክምናው። መንቀጥቀጡ ቀላል ከሆነና ጤነኛ አስታማሚ ካለ፣ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ያለበት ጤና ጣቢያ ሊበቃ ይችላል። ባለሙያው የሚጠይቃችሁን ቀድማችሁ ያዙ፦ ምን ይጠጣል፣ በቀን ስንት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ያውቃል ወይ፣ ትራማዶል ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ይጨምርበታል ወይ። «ትንሽ ነው» አትበሉ። ዳገም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ቢራ 5 በመቶ ገደማ ነው። «አንድ ጠርሙስ» ሲባል የየትኛው እንደሆነ ካልተነገረ የመድኃኒቱ መጠን ይሳሳታል።

መድኃኒቱ በአብዛኛው ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ነው። በተለምዶ 10 ሚሊግራም በቀን እስከ 4 ጊዜ ተጀምሮ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል፤ ጉበቱ ለተጎዳና ለአረጋዊ ያንሳል። ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት የሚሞከር አይደለም፤ ከመጠጥ ጋር ከተደረበ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከሳምንት አልፎ ከቀጠለም ራሱ ሌላ ሱስ ሊሆን ይችላል። ለቅዠቱ ሲባል ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ብቻውን መስጠትም ስህተት ነው፣ መንፈራገጡን ያቀርበዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ግሉኮስ ነው። የሰፈር ክሊኒክ መጀመሪያ የሚሰቅለው እሱን ነው፤ ቤተሰብም ካልተሰቀለለት ታከመ አይልም። ብዙ የሚጠጣ ሰው በደንብ አይበላም፣ የበላውንም አንጀቱ በቅጡ አይቀበልም፤ ስለዚህ ቫይታሚን ቢ1 ማለትም ቲያሚን ያልቅበታል። ሰውነት ስኳርን ወደ ጉልበት የሚለውጠው ደግሞ በቲያሚን ነው። ግሉኮስ ብቻውን ሲፈስ የተረፈችውን ጥቂት ቲያሚን ሊጨርሳትና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ዓይን ይዋልላል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሰውየው ግራ ይጋባል፤ «ዛሬም ጠጥቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቶሎ በመርፌ ቲያሚን ካልታከመ የማስታወስ ችሎታውን እስከ ወዲያኛው ሊያጣ ይችላል። አስታማሚ ለባለሙያው «ቲያሚን ተሰጥቶታል?» ቢል ድፍረት አይደለም። የደም ስኳሩ በጣም ከወረደ ግሉኮሱ አይዘገይም፣ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። ለቀላሉ ሁኔታ በቀን 100 ሚሊግራም ቲያሚን ቢያንስ ለ5 ቀን በአፍ ይበቃል። በተራው ቢ ኮምፕሌክስ ኪኒን ውስጥ ያለው ቢ1 ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ መለያውን አንብቡ።

ከዚህ በፊት ሲያቆም የወደቀ፣ ግራ የተጋባ፣ የሚያተኩሰው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሆዱ ያበጠ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ድንገተኛ ካልሆነና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ግን ከጤና ጣቢያ ሪፈር ያዙ፤ ያለ ሪፈር የሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ሕክምና ሩቅ ለሆነበት ደግሞ በድንገት ከማቆም በየ4 ቀኑ የዕለቱን መጠን አንድ አሥረኛ ያህል መቀነስ ይሻላል። መንቀጥቀጥ ከጀመረው መቀነሱን ለጥቂት ቀን ያቁም።

ስለ ጨብሲም አንድ ነገር። ምርቃናውን ለመስበር በየምሽቱ የሚጠጣ ሰው ራሱን የጫት ሰው ብሎ ነው የሚያቀርበው። ጫቱን ስላቆመ ብቻ መጠጡ አይቆምም፣ ሐኪሙም ካልጠየቀው አይናገርም። ሁለቱም መመዝገብ አለባቸው።

መንቀጥቀጡ አለፈ ማለት ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም። ተመልሰው የሚጠጡት አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ደሞዝ በተቀበሉ ማግስት፣ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ ሰርግ ላይ። የክትትል ቀጠሮ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ይያዝ፤ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብም በግልጽ ይጠየቅ። ከጠጣም ቤት ዘግቶ እንደገና በድንገት ማስቆም አይገባም፤ ማቆሙ በተደጋገመ ቁጥር የሚቀጥለው መንፈራገጥ ይብሳል።

የምንጠይቀው እርማትና አንድ ዝርዝር ነው፦ በየክልሉ የሱስ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት ስም፣ የተመላላሽ ሕክምና ቀናቸውና ስልካቸው። ከመታተሙ በፊት ወደ እያንዳንዱ ደውላችሁ አልጋ መኖሩን፣ በመርፌ የሚሰጥ ቲያሚን በመጋዘን መኖሩንም ጠይቁልን።

ከሥነ አእምሮ ነርሶች፣ አዲስ አበባ