መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት መጋረጃውን ሳቡት

ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠና ስልካችን በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል። «አኳሪየሙ ውስጥ ያሉት ተክሎች ላይ አረንጓዴ ነገር ወጣ፣ ምን ልጨምርበት?» በስልክ የምንነግራችሁ ግማሹ እየተረሳ ስለሆነ በጽሑፍ ቢቀመጥ ይሻላል ብለን ነው ይህን የላክንላችሁ።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ምንም አትጨምሩ። ቀንሱ። ያ አረንጓዴ ነገር አልጌ ይባላል፣ የአልጌ ማጥፊያ መደርደሪያችን ላይ የሌለው አልቆብን ሳይሆን ስለማናመጣው ነው። አንዳንዱ መዳብ አለበት፣ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል። አልጌው ቢሞት እንኳ ያመጣው ምክንያት እዚያው ስላለ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ እናንተም ሁለተኛ ጠርሙስ ፍለጋ ትወጣላችሁ።

አልጌ የሚፈልገው ነገር ተክሎቻችሁ ከሚፈልጉት አይለይም። ብርሃን፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ተክሉ በደንብ እያደገ ከሆነ አብዛኛውን ቀድሞ ይወስዳል። ብርሃኑ ተክሉ ከሚጠቀምበት በላይ ሲሆን ግን ትርፉ ለአልጌ ነው። ለዚህ ነው ስትደውሉልን መጀመሪያ ስለ ብርሃን የምንጠይቃችሁ።

«ኧረ ቦታውን አልቀየርኩም፣ ክረምቱን ሙሉ ንጹሕ ነበር» የሚለን ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው፣ እሱ አልቀየረም። ቦታዋን የቀየረችው ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በሰኔና በሐምሌ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፣ ያውም ደመናው ካሳያት። ከመስከረም በኋላ ወደ ደቡብ እየወረደች ትሄድና በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ደቡብ የሚያይ ሳሎን ክረምቱን ያላገኘውን ፀሐይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ወለሉ ድረስ ያገኛል። አኳሪየሙ እዚያ መንገድ ላይ ከተቀመጠ፣ ከላይ ያለውን መብራት የቱንም ያህል ብትቀንሱ ዋጋ የለውም።

ማወቁ ቀላል ነው። እሑድ ቤት ስትውሉ በ4 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት መስታወቱን እዩት። ፀሐይ ካረፈበት አንሱት። ማንሳቱ ከከበደ (ሙሉ 100 ሊትር ማንም አይገፋም) መጋረጃ ሳቡ፣ ወይ በመስኮቱ በኩል ባለው ጎን ጥቁር ካርቶን ለጥፉ። ግቢያችሁ ያለው ሮቶ ጥቁር የሆነው ለጌጥ አይደለም። ያው ውኃ ብርሃን በሚያስገባ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ውስጡ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

መብራቱ ደግሞ በቀን 6 ሰዓት ይበቃል። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብታደርጉት ከሥራ ስትገቡም ታዩታላችሁ። ተክሎቹ ሥር ይዘው ማደግ ሲጀምሩ ወደ 8 ሰዓት ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ለእናንተ ዓይን ካልሆነ ለተክሉ የሚጨምርለት ነገር የለም። «ታይመር አለኝ» የምትሉ፣ ታይመሩን ራሱን እዩት። የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። 3 ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ታይመሩም 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ሳምንቱን እንዲህ ጠፋ መጣ ሲል ከከረመ ደግሞ አምፖሉ የሚበራው ሁላችሁም ከተኛችሁ በኋላ ይሆናል። ዓሣዎቹ ቀን የመስኮቱን፣ ሌሊት የአምፖሉን ብርሃን እያገኙ ማንም ሳያውቅ ወር ይሞላል። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ትንሽ ቢወደድም እሱን ግዙ።

ሁለተኛው ነገር ምግብ ነው፣ እዚህ ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስባችሁ ተነጋገሩ። ልጁ ጠዋት ይመግባል። ሠራተኛዋ ምሳ ሰዓት ላይ ታዝንላቸዋለች። አባወራው ማታ ሲገባ መስታወቱ ጋ ሲሰበሰቡለት አንጀቱ አይችልም። የተበላውም ያልተበላውም ዞሮ ዞሮ ናይትሬትና ፎስፌት ነው የሚሆነው። በሁለት ደቂቃ ጠርገው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙም ትልልቆቹ ምንም አይሆኑም። የሳምንቱን ምግብ በሰባት ቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ ቆርቆሮውን መደበቅ ከምክር ሁሉ የበለጠ ይሠራል።

ውኃውን በየሳምንቱ ሩብ ያህል ቀይሩ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ አድርጉበት፣ ወይ ክፍት ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ። የፊልተሩን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር አትጠቡት፣ ቆሻሻውን የሚያብላላውን ባክቴሪያ ክሎሪኑ ይጨርሰዋል። ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት፣ የተረፈውን ለአበባ ማሰሮ ስጡት።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንምጣ። ብዙዎቻችሁ የወሰዳችሁት አኑቢያስ ነው። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፣ ጥላ ለምዶ ያደገ፣ አንድ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት የሚፈጅ። ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ አልጌ እንደ ልቡ ይሰፍርበታል። ስለዚህ አምፖሉ ሥር ሳይሆን የድንጋይ ወይም የእንጨት ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ወፍራሙን አግድም ግንድም አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት፣ ይበሰብሳል።

እጃችሁን ታጥባችሁ ቅጠሉን በአውራ ጣታችሁ እሹት። ቡናማ ብናኝ ሆኖ ከለቀቀ ዲያቶም ነው፣ አዲስ አኳሪየም ላይ የሚመጣ፣ በጥቂት ሳምንት ራሱ የሚሄድ። በጥፍር ካልተፋቀ የማይነሳ ደረቅ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል ማለት ነው። ረጅም ክር ከሆነ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየጠቀለላችሁ አውጡት፣ ሞሊ ዓሣም ትለቅመዋለች። በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቁጥቋጦ ሠርቶ የበቀለ፣ ቢጎትቱት የማይለቅ ጥቁር ፀጉር ከሆነ ግን ጥቁር ጢም የሚባለው መጥቷል። በጣም ያስቸግራል። ቅጠሉ ያረጀ ከሆነ ከሥሩ ቁረጡት፣ አትሳሱለት፣ ግን በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትቁረጡ። ቅጠሉን ካልጨከናችሁበት ከመድኃኒት ቤት 3 በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ፣ ፊልተሩን አጥፉ፣ በሲሪንጅ ቀስ አድርጋችሁ ጢሙ ላይ ልቀቁት፣ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ፊልተሩን መልሱ። ለ40 ሊትር ውኃ ከ10 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ከሠራ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ጥቁሩ ወደ ሮዝ ይቀየራል፣ ከዚያ ይነጣል። ሮዝ ሲሆን ደንግጣችሁ አትደውሉ፣ መሞቱ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ተክሉን በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ መንከር የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ውጭ አገር ያሉት የሚያወሩት ጥንካሬው ጠርሙሱ ላይ ስለተጻፈ በረኪና ነው። እዚህ በየሰፈሩ በሃይላንድ የሚሸጠው አንዱ ከሌላው ይለያያል፣ ስለዚህ እኛ አንመክርም። ቫሊስኔሪያና ሆርንዎርት የሚባሉት ተክሎች ደግሞ በደካማውም ይቃጠላሉ።

አንድ የተለየ አለ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ የሚያዳልጥ፣ ስትነኩት እንደ ሽፋን ተገፎ የሚነሳና የሚሸት ከሆነ እሱ አልጌ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። ቢሾፍቱ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ የሚያደርገው የዚሁ ወገን የሆነ አርትሮስፓይራ የሚባል ፍጥረት ነው፣ ስፒሩሊና ተብሎ በእንክብል የሚሸጠው ዘመዱ። ሐይቁ ላይ ያምራል፣ ሳሎን ውስጥ አያምርም። በጎማ ቱቦ መጥጣችሁ አውጡት፣ ውኃ ቀይሩ፣ ከዚያ አኳሪየሙን ሦስት ቀን በጋቢ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት። አየር ሰጪውና ፊልተሩ ይሥሩ፣ ጋቢው ሞተሩን አይንካ፣ ምግብ አትስጡ፣ ገልጣችሁም አትዩ። ሲያበቃ ሌላ ሩብ ውኃ ቀይሩ። ውኃው ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ዓሣ አልታይ ሲላችሁም ይኸው ነው የሚደረገው። ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ የሚጨምር ሰው አለ፣ አታድርጉት፣ የፊልተሩንም ባክቴሪያ ሊገድልባችሁ ይችላል።

«ታዲያ አልጌ የሚበላ ዓሣ ስጡን» ለምትሉ፦ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ፕሌኮ ሲገዛ የጣት ያህል ነው፣ ሲያድግ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል። ባደገ ቁጥር አልጌ መብላቱን እየተወ ኩሱን እያበዛ ይሄዳል። ለ60 ሊትር አንሸጥላችሁም፣ አትቀየሙን። ከሱ ይልቅ በፍጥነት የሚያድግ ተክል፣ በተለይ ሆርንዎርት፣ አንድ እፍኝ ብትጨምሩ ናይትሬቱን ቀድሞ ይወስድላችኋል።

ታዲያ ሆርንዎርት ሲበዛ የቆረጣችሁትን ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አትጣሉ። ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ቆሻሻ ውስጥ ክተቱት። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የውኃ ተክል ነው፣ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ ዛሬ ጣና ላይ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ።

ያላችሁትን ሁሉ አድርገን አሁንም አልሆነም የምትሉ ፎቶ ላኩልን። ቅጠሉን ከቅርብ አንሱት፣ ሁለተኛው ፎቶ ደግሞ አኳሪየሙንና መስኮቱን አንድ ላይ ያሳይ። ሥሩ ላይ መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራና በቀን ስንቴ እንደምትመግቡ ጻፉልን፣ እሱ ከሌለ መልሳችን ግምት ነው። ለውጡን ካደረጋችሁ በኋላ ግን ሦስት ሳምንት ጠብቁ፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ንጹሕ ከሆነ መንገዱን ይዛችኋል፣ አሮጌው ቅጠል ተመልሶ አይጠራም።

ከአክብሮት ጋር
የሱቃችሁ ባልደረቦች