በ11 ሰዓት

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ብቻ ነው ዘንድሮም ያልማረን። አራት ዓመት ሙሉ የተዘጋጋነው፣ እውነቱን ልንገርህና፣ "መጨረሻ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ተራው የሱ ነው" እያልኩ ነው።

ያን የታች ሰፈሩን ሰካራም ታስታውሰዋለህ? ለፋሲካ ያሰርኩትን የመንዝ በግ ሌሊት ፈትቶ ለአረቄ የሸጠብኝን። ባለፈው ኅዳር ሞተ። ከመሞቱ በፊት ሁለት ወር ጠበል ገብቶ፣ የንስሐ አባት ይዞ፣ ቆርቦ ነበር።

እኔ አሁን የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡን ብገልጠው ሰውዬው ሦስት ዓመት አልከፈለም። "ደንቡ ይከበር፣ ድንኳን አይወጣም" ብዬ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ለአፌ ደንብ አልኩ እንጂ በሆዴ የነበረው በጉ ነው። ዳኛችን ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "ጌታ ሥጋ ወደሙን የሰጠውን ሰው እኛ ሸራ እንከልክለው?" አሉ። ድንኳኑ ተተከለ። ሬሳውን እኔም ተሸከምኩ። ቀላል ነበር፤ ሰውዬው አልቆ ነው የሞተው።

ማታ ማቴዎስ 20ን ገለጥኩ። የወይኑ ቦታ ባለቤት ሠራተኛ የቀጠረው በማለዳ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ነው። አቆጣጠሩ የኛው ነው። 11 ሰዓት እዚህ ሰው ጋቢውን የሚፈልግበት፣ የቀን ሠራተኛው አካፋውን የሚያጥብበት ሰዓት ነው። ለዚያች ሰዓት ሙሉ ዲናር፣ የቀን ሙሉ ደመወዝ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከለፉት እኩል! ደግሞ ክፍያው ከኋለኞቹ ይጀምር አለ። ከፊተኞቹ ቢጀምር ኖሮ ዲናራቸውን ይዘው ደስ ብሏቸው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ሆን ብሎ ነው ያሳያቸው። "ዓይንህ ምቀኛ ናትን?" የሚለው ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ 78 ነፍስ የበላው በላኤ ሰብ በጥርኝ ውኃ ሲድን እልል የምል ሰው ነኝ እኮ። እሱ የኔን በግ አልበላማ!

ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። እድር በምሕረት ብቻ አይቆምም። ጠላ ሸጠው በየወሩ ሳያጓድሉ የሚከፍሉ አንዲት እናት አሉ፤ "እኔስ?" ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ሳቁና "የጠዋቶቹ ዲናራቸው ጎደለ?" አሉኝ። አልጎደለም። ቢሆንም ያንገበግባል።

ስልክህ የድሮው ከሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ካላነሳህ ሰኞ እደግማለሁ። ተራ መቁጠር ትቻለሁ።

ወንድምህ፣ ከደብረ ብርሃን