ያ አምፕሊፋየር ትዝ ይልሃል?

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብህ ቆየሁ። ሁለቴ ደውለህ አላነሳሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

የተኳረፍንበት አምፕሊፋየር ትዝ ይልሃል? በብድር ገዝቼው አራት ኪሎ ቤቴ ስሰካው «የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል፤ የአባቴ አሮጌ አጠገቡ አይደርስም» ብዬህ ነበር። አንተ ደግሞ «እስቲ የትኛው እንደሚጫወት ሳታውቅ ለየው» አልከኝ። ጆሮዬን የናቅከው መሰለኝ። ከፋኝ።

ባለፈው ወር ሞከርኩት። የእህቴ ልጅ ነጠላ ጋርዶ፣ ሳንቲም እየወረወረ ገመዱን ይቀያይራል። እኔ የትኛው እንደሚጫወት እመልሳለሁ። ከ16 ሙከራ 14 አገኘሁ! ልደውልልህ ስልኬን አንስቼ ነበር። ልጁ ግን «አዲሱ እኮ ትንሽ ይጮሃል» አለኝ።

ለካ ነገሩ እዚያ ጋ ነው። በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለን ድምፅ ጆሮ «ጮኸ» አይለውም፤ «ጠራ፣ ደመቀ» ነው የሚለው። ስለዚህ የ100 ኸርዝ ድምፅ ከፍቼ፣ ስፒከሩ ገመድ ላይ ቴስተር አድርጌ የሁለቱን ቮልቴጅ አስተካከልኩ። ልዩነቱ በድምፅ ከፍታ መለኪያው ከ0.1 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። በቮልቴጅ አንድ በመቶ ገደማ ማለት ነው። የድምፁን ቁልፍ በፀጉር ያህል እያንቀሳቀስኩ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ከዚያ እንደገና 16 ጊዜ ሰማሁ። 9 አገኘሁ። በግምት የሚመልስም እኮ 8 ያህል ያገኛል። 12 ባገኝ ኖሮ እከራከርህ ነበር።

ያኔ ግን አልዋሸሁህም። ያ ትንፋሽ በእውነት ተሰምቶኛል። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ስፒከሮቹን እያዩ የሰጡት ነጥብና መጋረጃ ተጋርዶ የሰጡት ተለያይቷል። ልምድ ያላቸው አድማጮችም ነበሩበት። ዓይን ጆሮን ይቀድመዋል።

አንድ ነገር ግን አልለቅህም። «ሁሉም ዕቃ አንድ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ስፒከሩን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ሳርቀው የቤዙ ጉምጉምታ ቀነሰ። ልጁን ከውጭ ጠራሁት። ምን እንዳደረግኩ ሳልነግረው «ክራሩ አሁን ለብቻው ተሰማ» አለኝ።

አዲሱን ሸጬ ዕዳዬን ከፍያለሁ። የአባቴ ቦታው ተመልሷል። ስትመጣ ነጠላውን አንተ ትይዛለህ፣ እኔ እሰማለሁ። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ ቡናውን እቤት እናፈላለን።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። አንሳልኝ።

ወንድምህ