ለአንዲት ተማሪ ሁለት ሚኒባስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቪዛው አለ፣ የባንክ ማስረጃው አለ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው አለ። ልጆቹ በምን በምን እንደሚሄዱ፣ ጉዞውም አየሩን ምን ያህል እንደሚበክል ግን አንድ ቃል የለም። እኔ በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ ነኝና ልናገር።

መስከረም 2012 ዓ.ም. ልጄ ለማስተርስ ጀርመን ስትሄድ ከደብረ ማርቆስ በሁለት ሚኒባስ ሸኘናት። ሃያ ሁለት ሰው ነን። ደጀንን አልፈን፣ ዓባይ በረሃን ወርደን ወጥተን፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ቦሌ ደረስን። ሸኚ ደግሞ ተርሚናል ውስጥ አይገባም። ስንብቱ መኪና ማቆሚያው ላይ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ያንኑ መንገድ ተመለስን። ያ ሁሉ ናፍጣ የተቃጠለው ለአምስት ደቂቃ እንባ ነው።

ትኬቱማ የባሰ ነው። በዱባይ በኩል ረከስ ይላል ብዬ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። 31 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው! ፍራንክፈርት ከእኛ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ ልጄን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሰደድኳት። ቀጥታ በረራ እያለ። አውሮፕላን ነዳጅ አብዝቶ የሚጠጣው ሲነሳና ከፍታ ሲይዝ ነው፤ እሷ ሁለቴ ተነሳች።

ሻንጣዋ ሁለት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ጀበና። ጀበናው የደረሰው ስብርባሪ ሆኖ ነው። ጭነት ሲከብድ አህያም አውሮፕላንም የበለጠ ይበላል።

አንድ ወዳጄ «እኛ ምን ነዳጅ አቃጠልንና! የሚያቃጥሉት ሀብታሞቹ አገሮች» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚህ ተነስቶ በባቡር አውሮፓ የሚገባ የለም። ልጆቻችን መብረር አለባቸው፤ በዚህ የሚያፍሩበት ነገር የለም። የእኔ ጥያቄ ከደረሱ በኋላ ነው። ልጄ እንደሄደች ሰሞን ከፍራንክፈርት ፓሪስ በርካሽ በረራ ደርሳ መጣች። በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው! ፈረንሳይ ራሷ በ2023 እ.ኤ.አ. ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች በሚያደርስበት መስመር የአገር ውስጥ በረራ ከልክላለች። ኤራስመስ በሚባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም በባቡር ወይም በአውቶቡስ ለሚሄድ ተማሪ ተጨማሪ ገንዘብ አለው። ይህ እሷ ከሄደች በኋላ የመጣ ነው፤ ባቡሩ ግን ያኔም ነበር። ማን ነገራት? ማንም። በኋላ ግን ነቃች። የተማሪ መታወቂያዋ የከተማውን አውቶቡስና የአካባቢውን ባቡር እንደሚያሳፍራት አወቀች። አሮጌ ብስክሌትም ገዛች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ባሕር ዳር በብስክሌት እየተመላለሰች ስለጨረሰች አልከበዳትም።

ዘንድሮ ተራው የወንድሟ ነው፣ ወደ ኔዘርላንድስ። ሽኝቱ ማርቆስ መናኸሪያ ላይ ያልቃል። መንገዱ ሰላም ከሆነ እኔና እሱ ብቻ በሕዝብ አውቶቡስ አዲስ አበባ እንገባለን። ከዚያ በቀጥታ በረራ ፍራንክፈርት፣ ከአየር ማረፊያው ባቡር ጣቢያ ደግሞ ኡትሬክት። የኔዘርላንድስ ባቡር ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ ባቡሮቹ በሙሉ በነፋስ ኃይል በሚመነጭ መብራት እንደሚሄዱ አስታውቆ ነበር። ይህን ሁሉ ያጠናችለት እህቱ ናት።

እናንተም ከቪዛው ዝርዝር ጎን ይህን ብታወጡ ሌላው ወላጅ እንደ እኔ አይሳሳትም።

ባለቤቴ ሚኒባሶቹን ስንት ቀን ተከራክራ ተወቻቸው። ሻንጣውም አንድ ይሁን ብላለች። በርበሬው ስንት ኪሎ ይሁን በሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር
ደብረ ማርቆስ