ልጃችሁ 3 ዓመት ሳይሞላው

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ልጄ አፍ ሳይፈታ ሲዘገይ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ሲሉኝ አምኜ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ። እባካችሁ እናንተ አትጠብቁ።

እዚህ አሜሪካ በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ እድገታቸው የዘገየ፣ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ድጋፍ እንዲያገኙ መሠረት ጥሏል። ምርመራው በነፃ ነው፤ የሐኪም ደብዳቤ ሳያስፈልግ ወላጅ ራሱ ለክፍለ ግዛቱ የሕፃናት ድጋፍ ፕሮግራም (Early Intervention) ደውሎ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በ45 ቀናት ውስጥ ምርመራው አልቆ ለልጁና ለቤተሰቡ የሚሰጠው ድጋፍ የሚታቀድበት ስብሰባ መካሄድ አለበት። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ድጋፉን የምትሰጠው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ቤት መጥታ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ከልጁ ጋር እየተጫወተች እናንተንም ታሠለጥናለች።

ደግሞ በቤት አማርኛ መናገራችሁ ልጁን አያዘገየውም፤ ቋንቋችሁን አትንፈጉት!

መደወል የሚከብደው ካለ ይንገረኝ፤ ሰኞ ጠዋት አብረን እንደውላለን።