ጳጉሜ ወር ናት? የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ሮቦት አልሠራም፤ አፕም አላወጣም። የሠራነው አንድ ኦንቶሎጂ ነው። በክበባት ቀን ጠረጴዛችን ጋ ቆም ያለ ሰው ጥቂት ስለነበር (ሁሉም ሳይንስ ክበብ ጋ እሳተ ገሞራ ሊያይ ሄዷል) እዚህ ላስረዳ። ኦንቶሎጂ ስለ አንድ ጉዳይ ምን ምን ነገሮች እንዳሉና እንዴት እንደሚገናኙ ኮምፒውተር በሚገባው መንገድ የሚገልጽ ፋይል ነው። የኛ ጉዳይ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነበር። ግባችን ደግሞ ፋይሉን ሌሎች አግኝተው እንዲጠቀሙበት ሊንክድ ኦፕን ቮካቡላሪስ በሚባለው የጋራ ካታሎግ ማስመዝገብ ነው። ካታሎጉ በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን የሚያስተናግደው የማድሪድ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የተወለደው ጳጉሜ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ፎርም ሁሉ ደግሞ 12 ወር ብቻ ነው ያለው። ከዚህ በላይ ምክንያት አላስፈለገንም።

የተጠቀምንበት ፕሮቴጄ የተባለውን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የኮምፒውተር ላባችንን ኔትወርክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራው ሲጀመር ሁሉም በአንድ ወር የሚያልቅ መስሎት ነበር። አቆጣጠሩን የማያውቅ ማን አለ? «ወር 30 ቀን አለው» ብለው ጻፉ። ቀጥለው «ጳጉሜ ወር ናት፣ 5 ቀን አላት» አሉ። ፕሮቴጄ ውስጥ ሄርሚት የሚባል የጻፍከው ነገር እርስ በርሱ ይጋጭ እንደሆነ የሚፈትሽ ፕሮግራም አለ። እሱን ሲያስነሱት ፋይሉን አልቀበልም አለ። አንድ ነገር እንዴት 30ም 5ም ቀን ይኖረዋል?

ክርክሩ እዚህ ላይ ጦፈ። ገሚሱ ጳጉሜ የዓመቱ ትርፍ ቀናት እንጂ ወር አይደለችም አለ። ሌላው «የ13 ወር ጸጋ» እያልን አድገን አሁን ልንክድ ነው ወይ ብሎ ተነሣ። መፍትሔውን ያመጣችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወር ማለት የራሱ ስምና ተራ ያለው የዓመት ክፍል ይሁን፤ 30 ቀን ያለው «ሙሉ ወር» ተብሎ ከሥሩ ይግባ አለች። ጳጉሜም ወርነቷን ሳታጣ ለብቻዋ ተቀመጠች።

ግን ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ቀን የላትም፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ትሆናለች። ስለዚህ ጳጉሜን በጠቅላላው ከ«የ2015 ጳጉሜ» መለየት ግድ ሆነ። የቀን ብዛት የሚጻፈው ለሁለተኛው ነው። ለኔ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ይህ ነበር፤ ከስንት ሰዓት ሌክቸር ይበልጣል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ሉቃስ መሆኑን ልጆቹ ያውቃሉ። ነገር ግን ፋይሉ የሚጻፍበት አውል የተባለው ቋንቋ እንዲህ ያለ ስሌት አይችልም። አራቱ ወንጌላውያን በፋይሉ ውስጥ ገቡ፤ የትኛው ዓመት የማን እንደሆነ ግን በዳታ መልክ ይሞላል።

ሌላም አስገራሚ ነገር ገጠመን። 13ቱን ወራት በስም ዘርዝረን ስንጨርስ ፕሮግራሙ ዓመቱ ቢያንስ 13 ወር እንዳለው ማረጋገጥ አልቻለም። መስከረምና ጥቅምት የአንድ ነገር ሁለት ስም ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ያስባል ለካ! ሁሉም የተለያዩ መሆናቸውን በግልጽ መንገር አለብህ። «ይሄ ደግሞ ሕፃን ነው እንዴ?» ያለው ልጅ ብዙም አልተሳሳተም።

መስከረም 1ን ከሴፕቴምበር 11 ጋር በቋሚነት ሊያስሩ የነበሩትን ያስቆማቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ከ2100 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል፤ ያ ዓመት በግሪጎርያን ፌብሩዋሪ 29 የለውም።

ካታሎግ ውስጥ ፋይል የሚያስገባ ሰው ሌሎች የሠሩትን ከዜሮ እንዲጀምር አይጠበቅበትም፤ እንዲያውም ያስነቅፈዋል። ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው የዌብ ደረጃ አውጪ ድርጅት አውል ታይም የሚባል የጊዜ ኦንቶሎጂ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. የጸደቀው እትም ከግሪጎርያን ውጭ ያሉ አቆጣጠሮችንም ያስተናግዳል፤ የወር ቁጥር እስከ 20 እንዲሄድ ቦታ ትቷል። የጳጉሜው ልጃችን ይህን ሲሰማ የፈነጠዘውን ብታዩ! የኛን ፋይል በዚህ ላይ አስደገፍነው።

የሰዓት አቆጣጠራችንን ግን አላስገባንም። ብዙዎቹ ፈልገው ነበር። ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ሲመሽ ነው ወይስ እኩለ ሌሊት? እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ካታሎጉም ሰው በቀላሉ አንሥቶ የሚጠቀምበትን አነስ ያለ ፋይል ይወዳል።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት አሰልቺ ነበሩ፤ ቶሎ ልለፋቸው። ኡፕስ የተባለው ስህተት ለቃሚ ድረ ገጽ ማብራሪያ የሌላቸውን ቃላትና የፈቃድ ዓይነት አለመጻፋችንን ነቅሶ አወጣ። ለእያንዳንዱ ቃል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ጻፍን። «ጳጉሜን» እና «ጷግሜ» ብሎ የሚፈልግ ሰውም እንዲያገኛት እነሱን በአማራጭ ስምነት አስገባን። ምንጩን የጠቀሰ ሁሉ እንዲጠቀምበት ሲሲ ባይ 4.0 የሚባለውን ፈቃድ ሰጠን። ፋይሉ ነገ ሌላ ሰርቨር ላይ ቢዛወር እንኳ አድራሻው እንዳይጠፋ ደብልዩ ሦስት አይዲ ከተባለው የቋሚ ዌብ አድራሻ አገልግሎት አድራሻ ጠየቅን። ይህ ጊትሃብ በተባለው የኮድና የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጽ በኩል የሚቀርብ ማመልከቻ ነው፤ ክፍያ የለውም።

ፋይሉን ለካታሎጉ ያቀረብነው በሰኔ ወር ነው። አቅራቢው አድራሻውን ይሰጣል፣ ከዚያ የካታሎጉ ሰዎች ያዩታል። ይህ መጽሔት ማተሚያ ቤት እስከገባበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም።

ከሥራው ግማሹን የሠሩት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ ይሰናበቱናል። ካታሎጉ የሚያገኘው ተጠሪ ስለሚያስፈልግ የጊትሃብ አካውንቱንና የክበቡን ኢሜይል ለሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች አስረክበዋል። ለከርሞ በእጃችን ያለው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ፋሲካንና ጾሞቹን ማስገባት። መግባት የሚፈልግ ተማሪ መስከረም ላይ ላብ ይምጣ። ፕሮግራሚንግ ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ መከራከር የሚወድ ቢሆን ግን ይመረጣል።